ስለ ፖለቲከኞች የሚሠሩ ትልልቅ ፊልሞች ለምን ይከስራሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኦስካር ወቅት በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። ስለ አንድ ፕሬዚዳንት ወይም ጠቅላይ ሚኒስትር ትልቅ ፊልም ይወጣል፣ ተቺዎች ያወድሱታል፣ ተዋናዩ ለሽልማት ይታጫል፣ ሲኒማ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ሰው ወዲያው «ሰውየው ስለተጠላ ነው» ይላል። ሌላ ፊልም ሲሳካ ደግሞ «ስለተወደደ ነው» ይባላል። የፊልም ገቢንም የሕዝብ አስተያየት ጥናትንም ለዓመታት ስከታተል ቆይቻለሁ፤ ሁለቱ ቁጥሮች ብዙዎቻችን እንደምናስበው አይያያዙም። ለዚህ ነው ጥያቄዎቹን አንድ ቦታ ሰብስቤ የምመልሰው።

አብዛኛው ምሳሌ የአሜሪካ ነው። እዚያ የእያንዳንዱ ፊልም ገቢ በየሳምንቱ ይወጣል፣ የፕሬዚዳንቱ ድጋፍም እንደዚያው ይለካል፤ ስለዚህ ማወዳደር ይቻላል። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሕዝብ የሚወደው መሪ ፊልም ሲሠራለት ደጋፊው ሁሉ ትኬት አይቆርጥም?

አይቆርጥም። ከሁሉ ግልጽ የሚሆንልኝ ምሳሌ የብራዚሉ ሉላ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ስለ ልጅነቱና ስለ ሠራተኛ ማኅበር ዘመኑ የሚተርክ ፊልም ወጣ። ያኔ ሉላ ገና የአገሩ ፕሬዚዳንት ነው፣ የሁለተኛ ዘመኑ የመጨረሻ ዓመት። ከአሥር ብራዚላዊ ከሰባት በላይ የሚሆነው ይደግፈዋል። ፊልሙም እስከዚያ ድረስ በብራዚል ሲኒማ ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰባቸው አንዱ ነበር። ድህነት አለ፣ ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች ጠንካራ እናት አለች፣ ከሰሜን ምሥራቁ ድርቅ ሸሽቶ በጭነት መኪና ወደ ሳኦ ፓውሎ የሚደረግ ረጅም ጉዞ አለ። ለማስለቀስ የጎደለው ነገር የለም። ወደ 190 ሚሊዮን ሕዝብ በነበራት አገር ግን ያየው ሰው አንድ ሚሊዮን እንኳን አልሞላም።

አሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በማርች 1998 «ፕራይመሪ ከለርስ» ወጣ። የገጸ ባሕርዩ ስም ቢቀየርም ጆን ትራቮልታ የሚጫወተው ቢል ክሊንተንን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ልክ በዚያ ሰሞን ክሊንተን ከሞኒካ ሌዊንስኪ ጋር የነበረው ግንኙነት የፈጠረው የዋይት ሀውሱ ቅሌት ፈንድቷል፣ ግን የሕዝብ አስተያየት የሚለካው ጋሉፕ የተባለ ድርጅት ባደረገው ጥናት የክሊንተን ድጋፍ ከ60% በላይ ነው። ሰው ይወደዋል፣ ወሬውም ትኩስ ነው። ፊልሙ 65 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት አሜሪካ ውስጥ ያስገባው 39 ሚሊዮን ገደማ ነው። እኔ የምለው፣ ዋናው ድራማ በየምሽቱ ሳሎን ውስጥ በነፃ እየታየ ማን ተነስቶ ሲኒማ ቤት ይሄዳል?

እሺ፣ ድጋፉ ካለ ትኬቱ ለምን አይሸጥም?

ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ስለሆኑ ነው። የሕዝብ አስተያየት ጥናት ላይ ስልክ ይደወልልሃል፣ «ፕሬዚዳንቱ ሥራውን በሚሠራበት መንገድ ትስማማለህ ወይስ አትስማማም?» ትባላለህ፣ አንድ ቃል መልሰህ ስልኩን ትዘጋለህ። ምንም አልከፈልክም። ከቤትህም አልወጣህም።

ድጋፍ ወደ ድምፅ እንኳን ሁልጊዜ አይለወጥም። ቸርችል በሜይ 1945፣ ጦርነቱ አውሮፓ ውስጥ ባለቀ ሰሞን፣ በብሪታንያ በተደረገው የጋሉፕ ጥናት 83% ድጋፍ ነበረው። በጁላይ በተካሄደው ምርጫ ፓርቲው ክፉኛ ተሸነፈ። ወደ ምርጫ ጣቢያ ለመሄድ ያልበቃ ድጋፍ ወደ ሲኒማ ቤት እንዴት ይወስዳል?

ትኬት መቁረጥ ሌላ ነገር ነው። በ2018 መጨረሻ የጆርጅ ደብሊው ቡሽ ምክትል ፕሬዚዳንት ስለነበረው ስለ ዲክ ቼኒ የተሠራው «ቫይስ» ሲወጣ እህቴን አብረን እንይ አልኳት። «ይሄን ሰውዬ ስምንት ዓመት በነፃ አይቼዋለሁ፣ አሁን ደግሞ ከፍዬ ልየው?» አለችኝ። ብዙ ዓመት ቁጥር ሳነብ ያልገባኝ ነገር ያኔ ገባኝ። ትኬት የሚቆርጥ ሰው ራሱን የሚጠይቀው «ከማን ጋር ነው ጨለማ ውስጥ ሁለት ሰዓት የምቀመጠው?» ብሎ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ ወደዚህ ጥያቄ ይመለሳሉ።

ጥላቻስ? ሰው የሚጠላውን መሪ ሲብጠለጠል ማየት አይወድም?

በንግግር ይወዳል። በትኬት ግን አይታይም።

ኦሊቨር ስቶን ስለ ጆርጅ ቡሽ የሠራውን «ደብሊው» ያወጣው በኦክቶበር 2008 ነው። በዚያው ወር የቡሽ ድጋፍ በጋሉፕ ጥናት 25% ነበር። ጥላቻ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ ሰማይ ይነካ ነበር። ያስገባው ወጪውን የሚያክል፣ አሜሪካ ውስጥ 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ። ባንኮች እየወደቁ፣ ሰው የቤቱን ብድር እንዴት እንደሚከፍል እየተጨነቀ በነበረበት ወር ነው እንግዲህ። ችግሩን ቤቱ ድረስ ያመጣበት መስሎ የታየውን ሰው መንፈቅ እንኳን ሳይቆይ በፊልም ሊያየው አልፈለገም።

ቀደም ሲል በ1995 ይኸው ዳይሬክተር ስለ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን «ኒክሰን»ን ሠርቷል። አንቶኒ ሆፕኪንስ ድንቅ ሆኖ ተጫውቶበታል፣ ለእኔ ስለ ሥልጣን ከተሠሩት ሁሉ እጅግ ያዘነ ፊልም ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ ይረዝማል። 44 ሚሊዮን ወጣበት፣ አሜሪካ ውስጥ 14 ሚሊዮን አልሞላም። እህቴ እምቢ ያለችው «ቫይስ»ም በ60 ሚሊዮን ተሠርቶ በመላው ዓለም 76 ሚሊዮን ገደማ አስገባ።

የ2024ቱ «ዘ አፕረንቲስ» ደግሞ አለ፣ ስለ ወጣቱ ዶናልድ ትራምፕና ስለ ጠበቃው ሮይ ኮን። ከምርጫው ሦስት ሳምንት ተኩል ገደማ ሲቀረው ከ1,700 በላይ ሲኒማ ቤቶች ገባ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያገኘው 1.6 ሚሊዮን ዶላር ነው። አካፍሉት፤ ለአንድ ሲኒማ ቤት አንድ ሺህ ዶላር አይደርስም። በሦስት ቀን!

የሚሆነው እንዲህ ነው። የሚጠላው ሰው ከሰውየው ጋር ተጨማሪ ሁለት ሰዓት ማሳለፍ አይፈልግም። የሚወደው ደግሞ ፊልሙ ሊሰድብበት እንደመጣ ይጠረጥራል። ሁለቱም ቤታቸው ይቀራሉ። የሚመጣው ፊልም ወዳዱ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ቁጥሩ ትንሽ ነው።

ታዲያ ስለ ዋተርጌት የተሠራው የ1976ቱ ፊልም እንዴት ተሳካ?

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ነገሩን በደንብ ያሰቡበት ናቸው። «ኦል ዘ ፕሬዚዳንትስ ሜን» ሲወጣ ኒክሰን ሥልጣን ከለቀቀ ሁለት ዓመት አልሞላም። ዋተርጌት ኒክሰንን ከሥልጣን ያወረደው ቅሌት ነው፤ ቁስሉ ትኩስ ነው። ከ10 ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ወጪ ተሠርቶ አሜሪካ ውስጥ 70 ሚሊዮን ገደማ አስገባ፣ ለዚያ ዘመን ከፍተኛ ገንዘብ ነው።

ልዩነቱ የት እንዳለ ተመልከቱ። ኒክሰን በፊልሙ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚታየው በቴሌቪዥን መስኮት ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ከሩብ አብረናቸው የምንቀመጠው ሁለት ወጣት ጋዜጠኞች ናቸው፣ ስልክ የሚደውሉ፣ በር የሚያንኳኩ፣ የሚሳሳቱ፣ የሚደክሙ። የጉዳዩ ትኩስነት አልጎዳውም፣ እንዲያውም ጠቀመው፤ ከማን ጋር እንደምንቀመጥ በትክክል ስለመረጠ።

«ሊንከን»ስ? አሰልቺ ይሆናል ተብሎ አልነበረም?

ስለዚህኛው ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም የሁሉም ነገር ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ስፒልበርግ «ሊንከን»ን ያወጣው በኖቬምበር 2012 ነው። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ኮንግረስ ድጋፍ በጋሉፕ ጥናት 10% ድረስ ወርዶ ነበር፤ ጥያቄው መጠየቅ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ እስከዚያ ድረስ ዝቅተኛው። ፊልሙ ስለ ምንድን ነው? ስለ ኮንግረስ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ጢማቸውን ያሳደጉ ሰዎች በጠባብ ክፍል ተቀምጠው ድምፅ ይቆጥራሉ፣ ሹመት እየሰጡ ድምፅ ይለምናሉ፣ ይሰዳደባሉ። የርስ በርስ ጦርነቱ ራሱ እምብዛም አይታይም። ሕዝቡ በዚያ ደረጃ ለጠላው ተቋም እንዲህ ዓይነት ፊልም ማቅረብ ኪሳራ መጥራት ይመስላል።

በ65 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ አሜሪካ ውስጥ ብቻ 182 ሚሊዮን አስገባ። በመላው ዓለም 275 ሚሊዮን ገደማ።

ለምን? ሊንከን ማንም የማይጠላው ስም ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ። ግማሽ መልስ ነው፤ የተወደደ ስም ብቻውን እንደማይበቃ በሉላ አይተናል። እኔ ግን አዳራሹ ውስጥ የሆነውን አስታውሳለሁ። ባርነትን የሚሽረው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥበት፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 1865፣ 119 ለ56፣ ውጤቱን ሁሉም ሰው ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሆኖም አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ልክ እንደ ኳስ ቅጣት ምት እጃቸውን ጨብጠው ነበር የሚያዩት። ፖለቲካ ያስጠላው ሰው ነው ያንን ፊልም የሞላው። በዜና የሚያየው ጭቅጭቅና ድርድር እዚያም አለ፣ ግን የድርድሩ መጨረሻ ሰው ከሰንሰለት መውጣቱ ነው። ያንን ለማየት ተርቦ ነበር ብዬ አምናለሁ። 10% የሚለው ቁጥር ንቀት ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ናፍቆትም ነበረበት።

አወጣጡም ብልህ ነበር። መጀመሪያ 11 ሲኒማ ቤቶች ብቻ ገባ፣ በየአንዳንዱ በአማካይ 85 ሺህ ዶላር ገደማ አገኘ። ወሬው ተሰማ፣ በሳምንቱ ወደ 1,775 ሲኒማ ቤቶች ሰፋና 21 ሚሊዮን አስገባ። ይህን ከ«ዘ አፕረንቲስ» አንድ ሺህ የማይሞላ አማካይ ጋር አስተያዩት።

ከምርጫ በፊት ማውጣት ይሻላል ወይስ በኋላ?

በኋላ። ስፒልበርግ ፊልሙ የምርጫ መወራወሪያ እንዳይሆን ከምርጫው በኋላ እንዲወጣ እንደፈለገ በግልጽ ተናግሯል፤ ኦባማ በድጋሚ በተመረጠ በሦስተኛው ቀን ወጣ። «ደብሊው» እና «ዘ አፕረንቲስ» ከምርጫ በፊት ባሉት ሳምንታት ወጡ። ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ስለነበረው ስለ ጋሪ ሃርት የተሠራው «ዘ ፍሮንት ረነር» ደግሞ በ2018 የምርጫው ዕለት፣ ኖቬምበር 6፣ ነው የተጀመረው። 25 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በመላው ዓለም ከ3 ሚሊዮን ብዙም አልዘለለም። በምርጫ ሰሞን ሰው ከማስታወቂያ፣ ከክርክር፣ ከስልክ ጥሪ ብዛት ሰልችቶታል። ሲኒማ ቤት የሚሄደው ከዚያ ለማምለጥ ነው።

ፊልሙ ከወጪው በላይ ካስገባ አትርፏል ማለት ነው?

አይደለም፣ ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ከትኬቱ ገንዘብ በግምት ግማሹ ለሲኒማ ቤቱ ይቀራል። የማስታወቂያ ወጪ ደግሞ ከፊልሙ ወጪ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ አንድ ፊልም ከወጪው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ካላስገባ ከሲኒማ ቤት ብቻ አተረፈ ማለት ይከብዳል። «ቫይስ»ን አስሉት፦ 76 ሚሊዮን ለሁለት 38 ሚሊዮን፣ ወጪው 60።

የተከፋፈለ ሕዝብ ባለበት አገር የተሳካ የፖለቲከኛ ፊልም የለም?

አለ። «ዘ አይረን ሌዲ»። የቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር በብሪታንያ እስከ ዛሬ ቤተሰብ የምታጣላ ሴት ናት፤ ፊልሙ በ2011 መጨረሻ ሲወጣም በሕይወት ነበረች። በ13 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ በዓለም 115 ሚሊዮን ገደማ አስገባ። አንደኛ ርካሽ ነው። ሁለተኛ ሜሪል ስትሪፕ አለች። ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ፣ ፊልሙ የሚያስቀምጠን ከባለሥልጣኗ ጋር አይደለም፤ ትዝታዋ እየከዳት፣ የሞተ ባሏን እያናገረች ካለች አሮጊት ጋር ነው። ከእሷ ጋር የተጋጨው የማዕድን ሠራተኛ ልጅም፣ የደገፋት ወግ አጥባቂ ልጅም እንዲህ ያለች እናት ወይም አያት አለው። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ፊልሙ ሌላ ጊዜ ቢሠራ ይሻል ነበር ብሎ ነበር፣ በሕይወት ያለችን ሴት ሕመም ማሳየት ልክ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ እኔንም ያስጨንቀኛል። ትኬት የሸጠው ግን ይኸው አቀራረብ ነው።

ተቺዎች የጠሉትን ተመልካች ለምን ይወደዋል?

የተጠየቁት ሰዎች ስለሚለያዩ። ሲኒማስኮር የሚባለው ድርጅት ፊልሙ በሚጀመርበት ምሽት ከአዳራሹ የሚወጡትን ሰዎች ውጤት ያሰጣል። በ2024 ዴኒስ ኳይድ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገንን ሆኖ የተጫወተበት «ሬገን» በተቺዎች ክፉኛ ተተቸ፣ ተመልካቹ ግን «ኤ» ሰጠው። በዚያ ምሽት የገቡት በአብዛኛው ሬገንን የሚወዱ ሰዎች ናቸዋ! ስለዚህ ይህ ውጤት የአገር አስተያየት አይደለም፣ የገቡት ሰዎች እርካታ ነው። ፊልሙ ለ25 ሚሊዮን ወጪው 30 ሚሊዮን አስገባ፤ ስሌቱን ከላይ አይታችኋል።

ማይክል ሙር የቡሽን ፊልም ሠርቶ ሀብት አላገኘም እንዴ?

አግኝቷል፣ «ፋረንሃይት 9/11» በ2004 አሜሪካ ውስጥ ብቻ 119 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፣ ወጪው ደግሞ 6 ሚሊዮን ነበር። ግን ዘጋቢ ፊልም ነው፣ ሌላ ዓለም። በርካሽ ይሠራል፣ አንድ ወገን ብቻ ቢመጣ ይበቃዋል፤ ያ ወገንም ወደ ሰልፍ እንደሚሄድ ሆኖ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ አብረን የምንቀመጠው ከሙር ጋርና ልጇን ኢራቅ ካጣችው እናት ጋር ነው።

ድምፅ ቀየረ ወይ ለሚለው፣ የቡሽ ድጋፍ ከፊልሙ በፊትም በኋላም 50% አካባቢ ቆየ፣ በኖቬምበርም 50.7% ድምፅ አግኝቶ ተመረጠ። ፊልም የሚቀይረው ሌላ ነገር ነው። ስቶን በ1991 ስለ ኬኔዲ ግድያ ከሠራው ፊልም በኋላ ኮንግረስ በ1992 የግድያው ሰነዶች እንዲወጡ ሕግ አወጣ። የማንንም ፖለቲከኛ ድጋፍ አላነሳም፣ የተዘጋ መዝገብ ግን ከፈተ።

እንግዲህ የሕዝብ አስተያየት በፊልሙ ላይ ምንም ተጽዕኖ የለውም?

አለው፣ ግን ሲኒማ ቤቱ በር ላይ አይደለም። ከዚያ በፊት፣ የአከፋፋዩ ቢሮ ውስጥ ነው። ዲዝኒ የሙርን ፊልም አላሰራጭም አለ፣ ሌሎች ወሰዱት። «ዘ አፕረንቲስ» በሜይ 2024 በካን የፊልም ፌስቲቫል ከታየ በኋላ የትራምፕ ጠበቆች ፊልሙ እንዳይወጣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ሳይነኩት ቀሩና በመጨረሻ አንድ ትንሽ አከፋፋይ ወሰደው። ትንሽ አከፋፋይ ማለት ትንሽ ማስታወቂያ ማለት ነው። ሕንድ ውስጥም በ2019 ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናሬንድራ ሞዲ የተሠራው ፊልም በምርጫ ኮሚሽኑ ውሳኔ ታግዶ ውጤቱ በታወቀ ማግሥት ሜይ 24 ወጣ። ይህ እኔን ያሳስበኛል። ተመልካቹ እምቢ ቢል መብቱ ነው። ፊልሙ ግን ፊቱ ሳይቀርብ ሲቀር ምን ብሎ ይመርጣል?

በእኛ ሲኒማስ?

«ጤዛ»ን አስታውሱ። ኃይሌ ገሪማ በ2008 ያወጣው፣ በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉው የፊልም ፌስቲቫል ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ያገኘው። ስለ ደርግ ዘመን ነው፣ መንግሥቱ ኃይለማርያም ግን ዋና ባለታሪክ አይደለም። የምንቀመጠው ከአንበርብር ጋር ነው፣ ጀርመን ተምሮ ተመልሶ አገሩን እንደገና ለማወቅ ከሚታገለው ሰው ጋር። በዚያ ዘመን ያለፈ ቤተሰብ ሁሉ አንድ አንበርብር ያውቃል። ስለ መሪዎቻችን ፊልም መሥራት የምታስቡ ወጣቶች፣ እባካችሁ ከዚህ ጀምሩ።

ካልሸጠ ለምን ይሠሩታል?

ለሽልማት። ዳንኤል ዴይ ልዊስ በሊንከን፣ ስትሪፕ በታቸር፣ ጋሪ ኦልድማን በቸርችል፣ ፎረስት ዊተከር በኢዲ አሚን፣ ሁሉም ኦስካር ወስደዋል። ገንዘብ ያልመለሰው «ቫይስ» እንኳን ስምንት ዕጩነት አግኝቷል። ለአንድ ተዋናይ እንዲህ ያለ ዕድል ደጋግሞ አይመጣም፣ ደመወዙን ቀንሶም ቢሆን ይገባበታል።

አዲስ የፖለቲከኛ ፊልም ሲወጣ መሳካቱን በምን ልወቅ?

የሰውየውን የድጋፍ ቁጥር ተዉት። መጀመሪያ ማስታወቂያውን እዩና ከማን ጋር እንደሚያስቀምጣችሁ ጠይቁ፦ ከባለሥልጣኑ፣ ከሚስቱ፣ ከሚያሳድደው ጋዜጠኛ፣ ወይስ ከሚወስነው ነገር? ቀጥሎ ቀኑን ከምርጫው ጋር አስተያዩ። ከዚያ የመጀመሪያውን ሳምንት ጠቅላላ ገቢ ሳይሆን በአንድ ሲኒማ ቤት ስንት እንዳገኘ አስሉ። በመጨረሻ ሁለተኛውን ሳምንት ጠብቁ። ከመጀመሪያው ከግማሽ በላይ ከወረደ፣ የመጡት ሰዎች ቤት ገብተው ለጎረቤት አልነገሩም ማለት ነው።